አዝዬ፣ ታዝዬ

የአዛውንት ሕይወት ስጽፍ «በስንት ዓመተ ምሕረት ነበር?» ብዬ አልጀምርም። የዱሮ የአራዳ ሰው ዓመቱን ሊስት ይችላል፤ ቦታና የታቦት ቀን ግን አይስትም። «ገበያው ጊዮርጊስ ሥር ሳለ» ካሉኝ፣ ጣልያን ዛሬ መርካቶ ወደምንለው ከማዛወሩ በፊት ነው። «የምኒልክ ሐውልት ሲገለጥ» ካሉ ጥቅምት 22 ቀን 1923 ነው፤ በማግስቱ፣ በጊዮርጊስ ዕለት፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እዚያው ቤተ ክርስቲያን ዘውድ ጫኑ።

ይህን እያወቅሁ በገዛ ቅድመ አያቴ ላይ ተሳሳትሁ።

ሠራተኛ ሰፈር፣ ደጇ ላይ ተቀምጠን ቴፑን ከፍቻለሁ። «የሚካኤል ለት ነው» አለች። «ጢሱ ዐይን አያስገልጥም። ሬሳ የሚያነሣ ጠፋ።» ቀጥሎ የተናገረችውን የመኪና ጥሩምባ ግማሹን ዋጠው። እኔ «አዝዬ ወጣሁ» ብዬ ሰማሁ። የካቲት 12 ቀን 1929! ግራዚያኒ ላይ ቦምብ የተጣለበት፣ ከዚያም ሦስት ቀን ሰው የታረደበት፣ ቤት ከነነዋሪው የጋየበት። ቀኑ ሚካኤል፣ ጢሱ የቃጠሎ፣ እሷ ልጅ ያዘለች ወጣት። ሁሉም ገጠመልኝ። ሦስት ገጽ ጻፍሁ፣ እያለቀስሁ።

የጻፍሁትን ለባለታሪኩ መልሼ ማንበብ ልማዴ ነው። ሳነብላት በእጇ አስቆመችኝ።

«ማንን ነው የማዝለው፣ ልጄ? ታዝዬ ነው እንጂ! በእናቴ ጀርባ።»

ኅዳር 12ም ሚካኤል ነው። የ1911ዱ የኅዳር በሽታ፣ ያ ዓለምን ያዳረሰ ኢንፍሉዌንዛ፣ አዲስ አበባን ቀባሪ ያሳጣበት ወር። ጢሱም ደዌውን ለማባረር የታጠነው ነው፤ ዛሬም በየዓመቱ በዚያው ቀን ቆሻሻ እያቃጠልን «ኅዳር ሲታጠን» የምንለው። በአንዲት ፊደል 18 ዓመት ዘለልሁ። ይብስ ብሎ፣ የእናቷን ድካም ለእሷ ሰጠሁ።

ከዚያ ወዲህ ደብተሬን ለሁለት እከፍላለሁ፤ በአንዱ በኩል ያዩትን፣ በሌላው የሰሙትን። የታዘለ ልጅ ምን ያህል ያስታውሳል? ጢሱ የራሷ ይመስለኛል፤ ዐይኗን እያሸች ነበር የምታወራው። ሬሳው ግን ከእናቷ የሰማችው ሳይሆን አይቀርም። ሁለቱንም እጽፋለሁ፤ አንዱን በሌላው ቦታ ግን አላስቀምጥም። የሚያጠራጥር ሲገጥመኝ አዛውንቱን ይዤ ቦታው ድረስ እሄድ ነበር፤ ደጁን ሲያዩ አፋቸው ይፈታል። ዶሮ ማነቂያ በ2016 ከፈረሰ ወዲህ ለስንቱ ደጁ የለም። አሁን የምመካው በጥያቄዬ ብቻ ነው፤ «ከማን ጋር ነበሩ? ማን ይዞዎት ነበር?»

ያን ዕለት ጥያቄዬን ቀጠልሁ። «ታዲያ በየካቲት 12 የት ነበርሽ፣ እማማ?»

«በር ዘግተን ተቀመጥን» አለችና ወደ ሲኒዋ ዞረች።

አልገፋኋትም። ሦስቱን ገጽ ቀድጄ በቦታቸው ያንን ቃሏን ጻፍሁ። የገጹ ቀሪ ባዶ ነው።