«ኢንተሊጀንስ» እና የእኔ ሁለት ገጽ ሐተታ

ባለፈው ሴሚስተር ለትርጉም ትምህርት አንድ የ19ኛው መቶ ዘመን የእንግሊዝ ጋዜጣ ገጽ ተሰጥቶን ነበር። ከዓምዶቹ አንዱ «ፎሬን ኢንተሊጀንስ» ይላል። እኔ ጀግናው «የውጭ አገር ስለላ» ብዬ ተረጎምኩት። እዚያ ላይ ባቆም ደግ ነበር፤ ግና ከዚያች ርእስ ተነሥቼ ጋዜጣው የመንግሥት የስለላ ክንፍ እንደ ነበረ የሚያስረዳ ሁለት ገጽ ሐተታ ጨመርኩበት። ከርእሱ ሥር ያለው ወሬ የስንዴ ዋጋና የአንዲት ልዕልት ሠርግ ነው! መምህሩ በቀይ «ሠርጉንም ሰልለውት ነው?» ብለው ጻፉልኝ።

እጄ ላይ ያለው መዝገበ ቃላት ለቃሉ «ብልህነት» እና «ስለላ» ብሎ ያበቃል። በድሮ የእንግሊዝኛ ጋዜጦች ግን ቃሉ ከሁሉ በፊት ወሬ ማለት ነበር፤ ከሩቅ ተጭኖ የመጣ ወሬ። «ሺፒንግ ኢንተሊጀንስ» ቢሉ የትኛው መርከብ ደረሰ፣ የትኛው ሰመጠ ማለታቸው ነው። የትራፋልጋር ጦርነት በጥቅምት 21 ቀን 1805 ተደርጎ (ዘመኑን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው) የኔልሰን ሞት ለንደን የተሰማው በኅዳር 6 ነው። አሥራ ስድስት ቀን በባሕርና በፈረስ! አሜሪካ ደግሞ «ኢንተሊጀንስ ኦፊስ» የሚባል ነበረ፤ የቤት ሠራተኛና ቀጣሪ የሚያገናኝ፣ በእኛ አነጋገር የደላላ ቤት። ሆቶርን በዚሁ ርእስ በ1844 የታተመ አጭር ልብ ወለድ አለው። «የስለላ ቢሮ» ብሎ የሚተረጉም ቢገኝ፣ ከእኔ ጋራ አንድ ወንበር ላይ ይቀመጥ።

በዚህች ቃል ላይ ቅሬታ አለኝ። «ኢንተሊጀንስ ደርሶናል» ሲባል ማን አደረሰው? አይታወቅም። ወሬው የክብር ካባ ለብሶ ይገባል፤ የመርከበኛው ሐሜትም የሚኒስትሩም ደብዳቤ በአንድ ስም ይጠራሉ። የእኛ «አሉ» እኮ ቢያንስ የሰው አፍ መሆኑን ያምናል።

ለመሆኑ ያ ሁለት ገጽ ሐተታዬ ፍጹም ከንቱ ነበር? እዚህ ላይ ልከራከር። ሮጀር ለስትሬንጅ የተባለ ሰው በ1663 ለንደን ላይ «ዘ ኢንተሊጀንሰር» የሚል ጋዜጣ ጀመረ። ይኸው ሰው የንጉሡ የማተሚያ ቤቶች ተቆጣጣሪ ነበር። በዚያው ዓመት የጆን ትዊንን ማተሚያ ቤት በሌሊት ከበበ፤ ትዊን በሥራ ላይ እንዳለ ተያዘ፣ በ1664ም በሞት ተቀጣ። የሚገርመው ለስትሬንጅ በመጀመሪያው እትሙ ጋዜጣ ሕዝቡን ከበላዮቹ ጉዳይ ጋር ከመጠን በላይ ያቀራርበዋልና ባይኖር ይሻላል ብሎ መጻፉ ነው። ጋዜጠኛ ነው ይኸ! እንግዲህ ወሬ ነጋሪውና ወሬ አዳኙ አንድ ሰው፣ አንድ ቃል ነበሩ ማለት ነው። በዚያን ጊዜ እንግሊዝኛ «ኢንተሊጀንሰር» ሰላይም ይባልበት ነበር። የእኔ ጥፋት ዘመኑን መሳቴ ነው፤ የ1663ን ጥርጣሬ በአንዲት ልዕልት ሠርግ ላይ ጫንኩት።

አንድ ነገር ለታሪክ ክፍል ጓደኞቻችን ልጨምር። በአፄ ምኒልክ ዘመን ግሪካዊው ካቫዲያ ያወጣው፣ መጀመሪያ በእጅ እየተገለበጠ የተሠራጨው «አእምሮ» ጋዜጣ፣ በፈረንጆች መጻሕፍት ውስጥ ስሙ «ኢንተሊጀንስ» ተብሎ ይተረጎማል። የድሮ ጋዜጣ የለመደ እንግሊዛዊ ይኸን ሲያነብ «ወሬ የሚባል ጋዜጣ» ብሎ ሊያልፈው ይችላል። አእምሮ ግን ወሬ አይደለም። ወሬውን ተቀብሎ የሚያበጥረው ነው እንጂ። ትርጉሙ ትክክል ሆኖ ሳለ ስሙ ጠፋ ማለት ይኸ ነው።

የቤት ሥራዬን እንደገና ሳቀርብ «የውጭ አገር ወሬ» አልኩ። የመኝታ ክፍል ጓደኛዬ «ዜና በል፣ ወሬ የሰፈር ነው» ብሎ እስከ እኩለ ሌሊት ሞገተኝ። በድሮ ደብዳቤዎቻችን ወሬ ይኸ ንቀት አልነበረበትም፣ ጋዜጣውም የድሮ ነው ብዬ እምቢ አልኩት። መምህሩ ግማሽ ነጥብ መልሰውልኛል፤ ስለ ሌላው ግማሽ ገና እየተነጋገርን ነው።