ሴት ስትፎክር
(ስለ ኮኮ ቴይለርና ስለ ባንዷ አንድ ሸክላ የቀረበ አጭር ሂስ)



ባለፈው ቅዳሜ ማታ ጥቂቶቻችን ተሰብስበን የኮኮ ቴይለርን ዘፈኖች ስናዳምጥ አንድ ወዳጄ፣ «ይህቺ ሴትዮ ትዘፍናለች ወይስ ትቆጣለች?» ብሎ ሁላችንንም አሳቀን። እውነቱን ለመናገር፣ እኔም ከዓመታት በፊት መጀመሪያ ስሰማት ያልኩት ይህንኑ ነበር። የሴት ድምፅ ማር ማር ማለት፣ መለማመጥ አለበት እየተባልን ስላደግን ሻካራ ድምፅ ስንሰማ ጉድለት ይመስለናል። በዚህች ጽሑፍ ላስረዳ የምሞክረው፣ ጉድለት የመሰለን ነገር የሥራው ዋና ቁም ነገር መሆኑን ነው።

ሸክላው «ዚ ኧርዝሼከር» ይባላል፤ «ምድር አንቀጥቃጭ» እንደ ማለት ነው። አሊጌተር የተባለው የቺካጎ አሳታሚ በ1978 እ.ኤ.አ. አወጣው። ዘፋኟ በ1928 በቴኔሲ ግዛት፣ በሜምፊስ ከተማ አቅራቢያ ተወለደች። የወጣላት ስም ኮራ ዋልተን ነበር፤ ቸኮላት ስለምትወድ «ኮኮ» ተባለች። አባቷ የሰው መሬት በእኩል የሚያርስ ጭሰኛ ነበር። በ1952 ከሮበርት ቴይለር ጋር ወደ ቺካጎ ስትጓዝ በኪሳቸው የነበረው 35 ሳንቲም ብቻ እንደሆነ ራሷ ደጋግማ ተናግራለች። እዚያም ቀን የሀብታሞችን ቤት እያጸዳች፣ ማታ በየመጠጥ ቤቱ ትዘፍን ጀመር።

ከ1910 እስከ 1970 ድረስ ወደ 6 ሚሊዮን የሚጠጉ ጥቁር አሜሪካውያን የደቡቡን ምድር ለቀው ወደ ሌሎች ከተሞች ሄደዋል። ብሉስም አብሯቸው ተሰደደ። በገጠር ደጃፍ ላይ በአንድ ጊታር ይዜም የነበረው ዜማ፣ በቺካጎ የመጠጥ ቤቱን ጫጫታ ማሸነፍ ስለነበረበት ኤሌክትሪክ ጊታርና ከበሮ ያዘ። እንግዲህ የኮኮ ድምፅ የሻከረው በዚህ ምክንያት ጭምር ነው። ለሚሰማት ሳይሆን ላልሰማት ሰው መዝፈን የለመደ ድምፅ ነው።

ስለ ባንዱ አንድ ነገር ልበል። በእኛ አገር ዘፈን አውጪና ተቀባይ አለ። ብሉስም እንደዚያው ነው፤ ዘፋኟ አንድ ሐረግ ጥላ ዝም ስትል ጊታሩ ይቀበላታል። «ዎኪንግ ዘ ባክ ስትሪትስ» የተባለውን ዝግ ያለ ዘፈን ልብ ብላችሁ አዳምጡት። የሳሚ ላውሆርንና የጆኒ ቢ. ሙር ጊታሮች፣ እንዲሁም በመዲ ዋተርስ ባንድ ውስጥ ብዙ ዓመት የተጫወተው የፓይንቶፕ ፐርኪንስ ፒያኖ፣ እሷ ያላለቀሰችውን ያለቅሱላታል። ኀዘኑን ለመሣሪያዎቹ ትታ እሷ ቀጥ ብላ ትቆማለች።

የሸክላው እንብርት ግን «አይም ኤ ዉማን» ነው፤ «ሴት ነኝ» ማለት ነው። በ1955 ቦ ዲድሊ «ወንድ ነኝ» የሚል ዘፈን አውጥቶ ነበር። ኮኮ ያንኑ ስልት ወስዳ መልስ ሰጠችበት። ባንዱ አንዲት አጭር ምት ይመታና ቀጥ ይላል፤ በዝምታው ውስጥ እሷ ትገባለች፤ ደግሞ ይመታል፤ ደግሞ ትገባለች። ፎካሪ ሲነሣ ሰዉ ጸጥ ብሎ ቦታ እንደሚለቅለት ማለት ነው። በእኛ ዘንድ ብዙ ጊዜ ፉከራው ለወንድ፣ ሙሾው ለሴት ተከፋፍሏል። ኮኮ ይህን ክፍፍል አልቀበልም አለች። ለዚህ ነው ድምፅዋ ቁጣ የሚመስለን።

ሂስ ምስጋና ብቻ አይደለምና ድክመቱንም ልጥቀስ። በ1965 ቀርፃ ዝነኛ የሆነችበትን የዊሊ ዲክሰን ድርሰት «ዋንግ ዳንግ ዱድል»ን እዚህ ደግማዋለች፤ አዲሱ ቅጂ ይሞቃል እንጂ አዲስ ነገር አይነግረንም። «ሄይ ባርቴንደር»ን የመሳሰሉት የጭፈራ ዘፈኖችም ከጨፈሩባቸው በኋላ አይታወሱም። ከሁሉ በላይ ድምፅዋ ብዙ ጊዜ ከዳር እስከ ዳር ስለሚሞላ፣ ዝቅ ማለት ምን ያህል ኃይል እንዳለው የምታሳየን አልፎ አልፎ ብቻ ነው።

ኮኮ ቴይለር በ2009 በ80 ዓመቷ አረፈች፤ እስከዚያው ዓመት ድረስም መድረክ ላይ ነበረች። ለወዳጄ መልሴ፣ «አዎን፣ ትቆጣለች፤ ስትቆጣም ትዘፍናለች» የሚል ነው።

በመጨረሻ አንድ ነገር ልናዘዝ። ባለፈው ዓመት አንዲት እኅታችን ለዚህ ጽሑፍ ያቀረበችውን ግጥም «ይለዝብ፤ የትዝታ መንፈስ ይኑረው» ብዬ በቀይ ቀለም አርሜ የመለስኩት እኔ ነኝ። እሷም አለዝባ አመጣችው፤ ታተመ፤ ዛሬ የሚያስታውሰው የለም። የመጀመሪያው ቅጂ በእጇ ካለ እንደነበረ ይዛው ትምጣ፤ ቀይ እስክሪብቶዬን አስቀምጬ እጠብቃለሁ።