ጋዜጣው «ክረምቱ አለፈ» ሲል
ስለ ወቅታዊ የክፍል ሥራዎች የቀረበ ሂስ

መስከረም በጠባ ቁጥር በብዙ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች አንድ ዓይነት ሥራ ይሠራል። የአማርኛ መምህሩ የዘመን መለወጫ ዕትም ጋዜጣ ይዞ ወደ ክፍል ይገባል፤ ተማሪዎች የአደይ አበባውን ሥዕል በመቀስ ይቆርጣሉ፤ አዳዲስ ቃላት በሰሌዳ ላይ ይጻፋሉ፤ በመጨረሻም «እንቁጣጣሽ» በሚል ርእስ ድርሰት ይታዘዛል። ድርሰቶቹ ሲሰበሰቡ ግን ሃምሳውም አንድ ናቸው። ሁሉም ክረምቱ አልፎ፣ ሰማዩ ጠርቶ፣ ሜዳው በአደይ አበባ አሸብርቆ ይላሉ።

ጋዜጣን ለወቅታዊ ትምህርት መጠቀም ደግ ነገር ነው። በመምህራን ማሠልጠኛ ተቋም እንደሚያስተምር ሰው እጩ መምህራንን ዘወትር የማበረታታበት ጉዳይ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም አሠራሩን መንቀፍ ሳይሆን የምንሠራበትን መንገድ መመርመር ነው። ሂሱንም ከራሴ እጀምራለሁ።

በ2006 ዓ.ም. መስከረም ላይ በቦረና በአንድ ትምህርት ቤት የዘጠነኛ ክፍል አማርኛ አስተምር ነበር። ከላይ የገለጽኩትን ሥራ ደረጃ በደረጃ አሠራሁ። አንድ ተማሪ ግን ከብቶቻቸው እንደከሱ፣ አባቱ ጠዋት ማታ ሰማዩን እንደሚያይ፣ ዝናቡም ገና እንዳልመጣ ጻፈ። እኔም በቀይ እስክሪብቶ «ከርእስ ወጥተሃል፤ ጋዜጣውን ደግመህ አንብብ» ብዬ ከአሥር አራት ሰጠሁት። ልጁ ደብተሩን ተቀብሎ ምንም ሳይናገር ተቀመጠ። በሚቀጥለው ድርሰት አደይ አበባን አስገባ፤ ሰባት አገኘ። ከእኔ የተማረው ያየውን ትቶ የታተመውን መገልበጥ ነበር።

በመሠረቱ ስህተቱ የማን ነበር? በቦረና ቆላ ዋናው ዝናብ የሚጥለው ከመጋቢት እስከ ግንቦት ነው። ከሰኔ እስከ ነሐሴ፣ ደጋው በጎርፍ ሲጥለቀለቅ፣ እዚያ ደረቅ ወቅት ነው። ሐጋያ የሚባለው አነስተኛ ዝናብ የሚጠበቀው ከመስከረም መገባደጃ እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ ነው። ስለዚህ ልጁ የጻፈው የአገሩን እውነት ነበር። ከርእስ የወጣሁት እኔ ነኝ።

ነገሩ ከዚህም ያልፋል። «ክረምቱ አለፈ» የሚለው አባባል ለደጋውም ቢሆን በመስከረም 1 ቀን ትክክል አይደለም። በባሕረ ሐሳብ አቆጣጠር ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ነው፤ ከዚያ መፀው እስከ ታኅሣሥ 25፣ በጋ እስከ መጋቢት 25፣ ጸደይ ደግሞ እስከ ሰኔ 25 ይቀጥላሉ። የሜትዎሮሎጂ ባለሙያዎች በበኩላቸው ዓመቱን በሦስት ከፍለው በጋን ከጥቅምት እስከ ጥር፣ በልግን ከየካቲት እስከ ግንቦት፣ ክረምትን ከሰኔ እስከ መስከረም ያደርጉታል። በሁለቱም ሒሳብ እንቁጣጣሽ የሚውለው በክረምት ውስጥ ነው። በተለመደው አነጋገር ግን መስከረም «የጸደይ ወር» ይባላል፤ እኛም ይህንኑ እናስደግማለን። አንድ ቃል በሦስት አቆጣጠር ሦስት ቦታ ሲቀመጥ ማየት ለአማርኛም ለጂኦግራፊም ክፍል ምንኛ ግሩም ትምህርት በሆነ ነበር!

በዚህ ጋዜጣውን ብቻ መውቀስ አይገባም። የበዓል ዕትም በአብዛኛው የምኞት ጽሑፍ ነው። ዋናው ጥፋት የመልካም ምኞት መግለጫን እንደ ዜና፣ ዜናን እንደ ማስረጃ፣ ማስታወቂያን እንደ ምክር አድርጎ የሚያስነብበው መምህር ዘንድ ነው። ተማሪው አንድን ጽሑፍ ሲያነብ ማን ጻፈው? የት ሆኖ ጻፈው? ለምን ጻፈው? ብሎ መጠየቅ ካልለመደ፣ የቆረጠው ሥዕል ግድግዳ ከማሳመር በቀር ጥቅም የለውም።

ታዲያ ምን ይደረግ? ሦስት ሥራዎችን ልጥቀስ።

አንደኛ፣ የዝናብ መዝገብ። ተማሪዎች በመስከረም በየቀኑ ዝናቡን፣ ደመናውንና ነፋሱን በደብተር ይመዝግቡ፤ በወሩ መጨረሻ መዝገባቸውን ከጋዜጣው ጽሑፍ ጋር ያስተያዩ። ልዩነቱን የሚገልጽ ደብዳቤ ለአዘጋጁ መጻፍ ከማናቸውም ድርሰት ይልቃል።

ሁለተኛ፣ የገበያ ዋጋ። እህል ብዙውን ጊዜ የመኸር ምርት ሲገባ፣ በታኅሣሥና በጥር፣ ይረክሳል፤ ጎተራው ሲጎድል፣ በክረምት፣ ይወደዳል። ተማሪዎች የጤፍና የበቆሎ ዋጋ ከየገበያቸው አምጥተው በጋዜጣ ከወጣው ዋጋ ጋር ያነጻጽሩ። የሒሳብ መምህሩም ሊተባበር ይችላል።

ሦስተኛ፣ የአንድ ወቅት ጽሑፍ በተለያዩ ዓመታት። በ2007 ዓ.ም. የበልጉም የክረምቱም ዝናብ በብዙ ቦታ ተዛብቶ፣ በ2008 ዓ.ም. ከ10 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የእለት ደራሽ እርዳታ ፈላጊ ሆኗል። ተማሪዎች የዚያን ዓመት የመስከረም ጋዜጦች ከታኅሣሦቹ ጋር አስተያይተው ምን ቀድሞ እንደተጻፈና ምን እንደዘገየ ራሳቸው ይፈልጉ።

«ጋዜጣ አይደርሰንም፤ ቢደርስም ዘግይቶ ነው» የሚሉ ባልደረቦች አሉ። ችግሩ እውነት ነው። ነገር ግን አዲስ ዘመን መታተም የጀመረው በ1933 ዓ.ም. ነው፤ አሮጌ ዕትሞችም በየቤተ መጻሕፍቱና በየሱቁ መጠቅለያ ሆነው ይገኛሉ። ለእንዲህ ያለው ሥራ አሮጌው ይመረጣል፤ ጽሑፉ የተናገረውና በኋላ የሆነው ነገር ሊመዘኑ የሚችሉት በእርሱ ነውና። አንድ ቅጂም ቢሆን ጮክ ተብሎ ከተነበበ ለመላው ክፍል ይበቃል።

ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በቦረናና በአካባቢው አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ከሽፈው እጅግ ብዙ ከብት አለቀ። ዜናውን በጋዜጣ ሳነብ ያ ደብተር ትዝ አለኝ። ሰማዩን ስለሚያይ አባት የተጻፈውን እኔ በቀይ ሰርዤው ነበር። ዛሬ እጩ መምህራኖቼን ወደ ልምምድ ስልክ የማሳስባቸው አንድ ነገር ነው፤ ተማሪው የጻፈው ከጋዜጣው ጋር ሲጋጭ፣ ማርክ ከመስጠታችሁ በፊት «አንተ ያየኸው ምንድን ነው?» ብላችሁ ጠይቁት።