ሀኬት፣ ቀብድ፣ ድባቴ፦ የካቶሊክ መንፈሳዊ ጥበብ ከከሚሴ ሲታይ

ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ እ.ኤ.አ. በጥር 2015 የባሕር ዳር–ደሴን ሀገረ ስብከት ሲያቋቁሙ፣ ከሚሴና መላው የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን በካርታ ሥሩ ገቡ። «በካርታ» ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ካቶሊካውያን ከአገሪቱ ሕዝብ አንድ በመቶ እንኳ አልሞሉም፤ ከቦርከና ዳርቻ እስከ ባቲ ያለው ነዋሪ ደግሞ በአብዛኛው ሙስሊም ነው። ታዲያ ካቶሊካዊው ትውፊት ድባቴ ለያዘው ሰው ምን እንዳለው ለመመዘን ከሚሴ ላይ መቆም ምን ይረባል? ይረባል ባይ ነኝ። ትምህርት በገዛ ቤቱ ሲነገር ጉድለቱ ይሸፈናል፤ የራሱ የማጽናናት ልማድ ባለው አገር ግን ያለውም የሌለውም ይገለጣል።

ከቃሉ እንነሣ። በ4ኛው መቶ ዘመን በግብፅ በረሃ የኖረው አባ ኢቫግሪዮስ መነኩሴን በቀትር ስለሚይዘው ክፉ ሐሳብ ጽፏል፦ ፀሐይ የቆመች ይመስለዋል፣ በዓቱን ይጠላል፣ የሚወደው ወንድም የቀረ አይመስለውም። የግእዝ ምንኩስና ይህን ሀኬት ይለዋል። የግእዝ ሥርዓት የሚከተሉ ካቶሊካውያንም ከኦርቶዶክሳውያን ጋር የሚጋሩት ቃል ነው። ዛሬ በአማርኛ ሀኬት ሲባል የምንሰማው ስንፍናን ብቻ ነው። የቃሉ መጥበብ ዋጋ ያስከፍላል፤ ከአልጋው መነሣት ያቃተው ሰው ሰነፍ ይባልና ሕመሙ ላይ ነውር ይጨመርበታል። ጥፋቱ ግን የአማርኛው ብቻ አይደለም። ኢቫግሪዮስም ቢሆን ሁኔታውን የጻፈው ልንዋጋው እንደሚገባ ጦርነት አድርጎ ነው፤ የመታገያ ጉልበቱ ራሱ ለታመመበት ሰው ይህ ብዙ አይጠቅምም።

ከዚህ የተሻለ ያለው ኢግናጥዮስ ዘሎዮላ ይመስለኛል። በ1521 በፓምፕሎና እግሩን የተመታው ይህ ወታደር በማግሥቱ ዓመት ማንሬዛ በምትባል ከተማ ተቀምጦ ሳለ ስለ ኃጢአቱ የነበረው ጥርጣሬ እጅግ አስጨንቆት፣ ራሱን ወደ ጉድጓድ ወርውሮ የመሞት ፈተና ገጥሞት እንደነበር በኋላ ተርኳል። በ1548 የታተመው የመንፈሳዊ ልምምድ መጽሐፉ የዚያ ጨለማ ፍሬ አለበት። ከሕግጋቱ አንዱ በአጭሩ ይህ ነው፦ መጽናናት በራቀህ ጊዜ ቀድሞ የቆረጥከውን አትለውጥ። ጨለማ ውስጥ የተሰጠ ፍርድ አይታመንምና። ድባቴ የያዘው ሰው ትዳሩን ለመፍታት፣ ትምህርቱን ለመተው፣ ከዚያም አልፎ ሕይወቱን ለማጥፋት የሚወስነው በእንዲህ ያለው ቀን ነው። ሕጉ «ደስ ይበልህ» አይለውም፤ «ዛሬ አትወስን» ብቻ ይለዋል። ይህን ያህል ትንሽ በመጠየቁ ነው የምወደው።

ነገር ግን ያው መጽሐፍ የመጽናናት መራቅን ምክንያቶች ሲዘረዝር የሰውየውን ቸልተኝነት መጀመሪያ ያስቀምጣል። ራሱን ሲከስስ ለሚያድር በሽተኛ ይህ ተጨማሪ ክስ ነው። በዚህ ነጥብ ላይ የከሚሴ አካባቢ ትውፊት ይረዳናል። ከከተማዋ ብዙም የማትርቀው የሾንኬ መንደር እስከ 1937 እ.ኤ.አ. የኖሩት የሱፊው ሊቅ የሼህ ጀውሀር አገር ናት። በሱፊያውያን ትምህርት ልብ ሁለት ሁኔታ ይፈራረቅባታል፦ ቀብድና በስጥ፣ መጨበጥና መዘርጋት። (ቀብድ በገበያ ከምናውቀው ቀብድ ጋር በድምፅ አንድ መሆኑ ፈገግ ያሰኛል።) መጨበጡም እንደ መዘርጋቱ ከአላህ የሚመጣ ነው፤ ከተጨበጠው ሰው የሚጠበቀው አደብና ትዕግሥት ነው። ሱፊው ስለ ቀብድ ሲያወራ ወንጀለኛ ፍለጋ አይጀምርም።

ካቶሊካዊቷ ቤተ ክርስቲያን ራሷ ከዚህ ለመድረስ ጊዜ ፈጅቶባታል። የ1917ቱ ቀኖና አውቆ ራሱን ያጠፋን ሰው ፍትሐት ይከለክለው ነበር፤ የ1983ቱ ይህን ክልከላ ተወው። የ1992ቱ ትምህርተ ክርስቶስም ከባድ የአእምሮ መታወክ ተጠያቂነትን እንደሚቀንስ ይናገራል። የእማሆይ ቴሬዛ ደብዳቤዎች በ2007 እ.ኤ.አ. ሲታተሙ፣ ለአሥርት ዓመታት በውስጧ እግዚአብሔር የራቀ ሲመስላት እንደኖረች ታወቀ። ይህን ድባቴ ብሎ መሰየም ችኮላ ነው። ሆኖም ባዶነት እየተሰማው የሚጸልይ ሰው አስመሳይ አለመሆኑን ከእሷ የተሻለ ምስክር አላገኘሁም።

ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበው ብፁዕ ገብረ ሚካኤል ነው። ዲቦ ጎጃም የተወለደው ይህ መነኩሴ በ1855 የቴዎድሮስ ጦር ወደ ወሎና ሸዋ ሲዘምት በሰንሰለት ታስሮ አብሮ ተጎተተ፤ በዚያው መከራም ሞተ። ገድሉ ጽናቱን ያደንቃል፤ ትክክልም ነው። ለድባቴ ግን ምሳሌነቱ ያንሳል። የገብረ ሚካኤል ሰንሰለት በዓይን ይታይ ነበር፤ ያሰረውም ስም ነበረው። ድባቴ የያዘው ሰው ሰንሰለቱን ለሌላው ማሳየት አይችልም።

ስለዚህ ይመስለኛል ከኢግናጥዮስ ምክር ሁሉ ለከሚሴ የሚቀርበው ስለ ምስጢር የተናገረው፦ ፈታኙ ነገሩ እንዲደበቅ ይፈልጋል፤ ለታመነ ሰው ሲነገር ግን ኃይሉ ይሰበራል። የኢግናጥዮስ መንገድ በሁለት ሰው መካከል ነው፣ በመካሪና በተመካሪ። ወዳጃ የሚባለው የወሎ የዱዓ ሥርዓት ግን ቤት ሙሉ ሰው ይሰበስባል፤ ቡናው ይፈላል፣ ጫቱ ይቀርባል፣ ዕጣኑ ይጤሳል፣ አባት ዱዓ ያደርጋሉ፣ የተሰበሰበው «አሚን» ይላል። የተጨነቀው ሰው ማስረዳት ካልቻለ ስለ እሱ ሌላው ይናገራል። በ2013 እና 2014 ዓ.ም. ግጭትና ጦርነት በተፈራረቀበት በዚህ አካባቢ ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ሐኪም እንኳ የበሽተኛውን አንደበት ይጠብቃልና። ተመካሪው ዝም ሲል ኢግናጥዮስም መጠበቅ ግድ ይሆንበታል፤ ወዳጃው ግን ዝም ያለውንም መሐል አስቀምጦ «አሚን» ማለቱን ይቀጥላል።