አልማሌክሲያ፤ በጨዋታ ውስጥ የተደረሰች አምላክ

ስለ ቪዲዮ ጨዋታ በሥነ ጽሑፍ ገጽ ላይ መጻፍ ለብዙ ሰው እንግዳ ነገር ይመስለው ይሆናል። ጨዋታ የልጆች ጊዜ ማሳለፊያ፣ ሥነ ጽሑፍ ግን የዐዋቂ ሥራ ነው የሚል አስተሳሰብ በመምህራንም በባለ ሥልጣኖችም ዘንድ ጸንቶ ይኖራልና። ይሁን እንጂ አንድ ሥራ ድርሰት መሆኑና አለመሆኑ የሚታወቀው በተጻፈበት ብራና ወይም በሚታይበት መስተዋት ሳይሆን በውስጡ ባለው ሐሳብና ያ ሐሳብ በተሠራበት ጥበብ ነው። በዚህ ሚዛን ሲመዘን፣ ቤተዝዳ የተባለው የአሜሪካ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2002 ያወጣው «ሞሮዊንድ» የተባለው ጨዋታ ሊነበብ የሚገባው ሥራ ነው። ሊነበብ የሚገባው ማለቴም ለአነጋገር ያህል አይደለም። በጨዋታው ውስጥ ያሉት ሰዎች አብዛኛውን ንግግራቸውን የሚያቀርቡት በድምፅ ሳይሆን በጽሑፍ ነው፤ በየቤቱ መደርደሪያም ተጫዋቹ እየገለጠ የሚያነባቸው መጻሕፍት ተቀምጠዋል።

ታሪኩ የሚፈጸመው ሞሮዊንድ በተባለችው የፈጠራ አገር፣ ይልቁንም እሳተ ገሞራ ከመካከሉ በቆመበት በቫርደንፌል ደሴት ላይ ነው። የዚህች አገር ሕዝብ የሚሰግደው በሩቅ ሰማይ ለሚኖሩ አማልክት አይደለም። የሚሰግደው በሕይወት ላሉ፣ የራሳቸው ከተማና አዳራሽ ላላቸው፣ ሰው ሄዶ ሊያነጋግራቸው ለሚችል ለሦስት አማልክት ነው። አንደኛው ባለቅኔውና ጦረኛው ቪቬክ ነው፤ ሁለተኛው ከሰው ርቆ በመሣሪያዎቹ መካከል የሚኖረው ብልሃተኛው ሶታ ሲል ነው፤ ሦስተኛዋ አልማሌክሲያ ናት። ቤተ መቅደሱ ለቪቬክ ጌትነትን፣ ለሶታ ሲል ምስጢርን፣ ለአልማሌክሲያ ምሕረትን ሰጥቷል። ምእመናን «ፈዋሽ እናት» ይሏታል። የድኾችና የደካሞች ጠባቂ፣ የሐኪሞችና (አንባቢዬ መምህር ከሆነ ደስ ይለው ይሆናል) የመምህራንም ባለ ዐደራ ናት።

ነገር ግን እነዚህ ሦስቱ አምላክ ሆነው አልተወለዱም። የኔሬቫር የጦር መሪው አማካሪዎች ነበሩ፤ አልማሌክሲያም ሚስቱ ነበረች። በእሳተ ገሞራው ሥር የሞተ አምላክ ልብ ተቀብሮ ኖሮ፣ ካግሬናክ የተባለ ጠቢብ ከዚያ ልብ ኀይል የሚቀዳባቸውን ሦስት መሣሪያዎች ሠርቷል። ጦርነቱ ሲያልቅ ኔሬቫር አማካሪዎቹን በአዙራ፣ በንጋትና በምሽት አምላክ ፊት፣ መሣሪያዎቹን ከቶ እንዳይጠቀሙባቸው አስማላቸው። እርሱ ሞተ። እነርሱም መሐላውን አፍርሰው አማልክት ሆኑ። አዙራ በቁጣዋ ወርቃማ የነበረውን የሕዝቡን ቆዳ ዐመድማ፣ ዐይኑን ደም የለበሰ አደረገችው። ሕዝቡ ይህንን መልክ ይዞ፣ የርግማኑን ምክንያት ሳያውቅ፣ ርግማኑን ላመጡበት ሰዎች ሲሰግድ ኖረ።

ኔሬቫር በምን ሞተ? የድርሰቱ ክርክር ሁሉ የሚዞረው በዚህች ጥያቄ ላይ ነው። በቪቬክ ስም የተጻፈው ታሪክ በጦርነቱ በደረሰበት ቁስል ሞተ ይላል። ከቤተ መቅደሱ የተለዩት ካህናት የሚያስነብቡት ሌላ መጽሐፍ ደግሞ ሦስቱ በጸሎት ሰዓት በመርዝ ገደሉት ብሎ ሻማውንም የመረዘችው ሚስቱ አልማሌክሲያ ናት ይላል። ጨዋታው ከሁለቱ አንዱን እውነት ነው ብሎ በማኅተም አያጸድቅም። ተጫዋቹ እንደ ዳኛ ምስክር ከምስክር እያመሳከረ፣ ማን ጻፈው? ለማን ጻፈው? ምን ይጠቀምበታል? እያለ እንዲመረምር ይተወዋል። ብዙ የታሪክ መምህራን ተማሪዎቻቸውን ይህን ለማስለመድ ዓመታት ይደክማሉ፤ እዚህ አንድ ጎረምሳ በመዝናኛ ሰዓቱ ሳያውቀው ይማረዋል።

የዚህ የፈጠራ ሃይማኖት ደራስያን ካደረጉት ሁሉ እኔን ያስደነቀኝ አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም ሥርዐቱ ስለ ራሱ የሚከራከርበትን ቋንቋ ማበጀታቸው ነው። ሦስቱ ከመንገሣቸው በፊት ሕዝቡ የሚያመልካቸው የቀድሞ ኀይሎች ነበሩ። ቤተ መቅደሱ እነዚያን ፈጽሞ አልካዳቸውም፤ አስቀድመው የመጡ ምልክቶች ናቸው ብሎ ተረጐማቸው። ቦዔታያ የአልማሌክሲያ፣ መፋላ የቪቬክ፣ ራስዋ አዙራም የሶታ ሲል ምልክት ሆነች። የረገመቻቸው አምላክ ለተረገሙት ሰዎች ዐዋጅ ነጋሪ ተደርጋ ተሾመች ማለት ነው! ድል ያደረገ ሃይማኖት የተሸነፈውን እንዴት አድርጎ በቤቱ እንደሚያስቀምጥ ከዚህ የበለጠ በአጭሩ የተገለጸበትን ቦታ አላውቅም። እንደዚሁም ለሕዝብ የሚነበበው መጽሐፍ ሌላ፣ ለከፍተኞቹ ካህናት ብቻ የሚገለጠው ስውር መጽሐፍ ሌላ ነው። ከቤተ መቅደሱ የተለዩት ካህናት የተሰደዱት እምነት ስለ ጐደላቸው አይደለም፤ ስውሩ መጽሐፍ ለሁሉ ይነበብ ስላሉ ነው።

ይህ ሁሉ ሃይማኖቱን ተራ ማጭበርበር ያስመስለው ይሆናል። ደራስያኑ ግን እንዲህ ባለው ቀላል ፍርድ አልረኩም። ተጫዋቹ ወደ ቤተ መቅደሱ ማኅበር ቢገባ የሰባቱን ጸጋዎች ጉዞ እንዲያደርግ ይታዘዛል። ከመሳለሚያዎቹ አንዱ በኩሙ እርሻ የሚገኘው የትሕትና መቅደስ ነው። በዚያ ቦታ ቪቬክ የጭነት እንስሳው የሞተበትን ገበሬ አገኘ፤ የክብር ልብሱን አውልቆ በእንስሳው ፈንታ እርሻውን ሠራለት ይባላል። ስለዚህ ተሳላሚው ለመቅደሱ የሚያቀርበው ወርቅ ወይም ዕጣን ሳይሆን ጭቃ ነው። ይህን ገድል የሰማ ሰው፣ አምላክነቱ በስርቆት የተገኘ መሆኑን ቢያውቅ እንኳ፣ በኩሙ ጭቃ ላይ ለመሳቅ ይቸግረዋል። በእሳተ ገሞራው ዙሪያ የተተከለው ታላቁ የመናፍስት አጥርም እንዲሁ ነው። አጥሩ የቆመው በምእመናን ሙታን ኀይል ሲሆን ከውስጡ የሚወጣውን ክፉ በሽታና ሠራዊት በእርግጥ ያግዳል። አማልክቱ ሐሰተኞች ቢሆኑም ጥበቃቸው እውነተኛ ነው።

በሌላው በኩል ደግሞ በቪቬክ ከተማ ላይ በአየር የተንጠለጠለ ታላቅ ደንጊያ አለ። አምላኩ ከሰማይ ሲወርድ አቆመው ይላሉ። ካህናቱ ያን ደንጊያ ፈልፍለው በሃይማኖት የተለዩዋቸውን የሚያስሩበት ወኅኒ አደረጉት፤ ስሙንም የእውነት ሚኒስቴር አሉት። በሚኒስቴር ውስጥ ለምንሠራ ሰዎች ስሙ ፈገግ ያሰኛል፤ የታሰረበትን ካህን ላነጋገረ ሰው ግን ፈገግታው ወዲያው ይጠፋል።

በጽሑፍ በኩል ከሁሉ የላቀው ማይክል ከርክብራይድ የደረሰው የቪቬክ 36 ትምህርቶች ነው። በላይ ሲያዩት የአምላኩን ውልደትና ጀብዱ በእንግዳ ምሳሌ የሚተርክ የውዳሴ መጽሐፍ ነው። ነገር ግን በ29ኛው ትምህርት የተዘረዘሩትን ቁጥሮች ይዞ በየትምህርቱ ያሉትን ቃላት ለቈጠረ አንባቢ ሌላ መልእክት ይወጣል፤ አምላክ ሆኖ እንዳልተወለደ፣ ማንም እንዳላስገደደው፣ ጌታውንም እንደ ገደለ ጸሓፊው ራሱ ያምናል። በመጨረሻው ትምህርት የአንቀጾቹ መነሻ ፊደላት ሲገጣጠሙም የግድያ ስም ይነበባል። ሰምና ወርቅ ለለመደ አንባቢ የዚህ ዐይነቱ አሠራር አዲስ አይደለም። አዲሱ ነገር ወርቁ ኑዛዜ መሆኑ ነው። ሰሙ ሲያሞግስ ወርቁ ይከሳል፤ ምእመኑም በየቀኑ ሲደግመው የኖረው ውዳሴ የአምላኩ የጥፋተኛነት ቃል ነው።

እንግዲህ ቅሬታዬን እዚህ ላይ ላቅርብ። ቪቬክ ይህን ያህል መጽሐፍ ሲሰጠው አልማሌክሲያ ምን ተሰጣት? በመጀመሪያው ጨዋታ እርስዋ በሌሎች አፍ ላይ ያለች ስም ናት። ፈዋሽ እናት ትባላለች እንጂ እንደ ኩሙ እርሻ ያለ፣ ልብ የሚይዝ የምሕረት ገድል በስምዋ አልተደረሰላትም። በዚያው ዓመት በኅዳር «ትሪቡናል» የተባለው ተጨማሪ ክፍል ሲወጣ ግን ተጫዋቹ ወደ ከተማዋ ወደ ሞርንሆልድ ሄዶ ፊት ለፊት ያገኛታል። አነጋገሯ ለስላሳ ነው፤ «ልጄ» እንደምትል እናት ትቀበለዋለች። ቀስ በቀስ ትእዛዞቿ ይጨልማሉ። በመሬት ሥር ያለውን የጥንት መሣሪያ አስነሥታ በገዛ ከተማዋ ላይ የዐመድ ዐውሎ ነፋስ እንዲዘንብ ታደርጋለች። በመጨረሻ ተጫዋቹን ሶታ ሲል አብዷልና ግደለው ብላ ትልከዋለች፤ እርሱ ግን በመሣሪያዎቹ መካከል አስቀድሞ ሞቶ ተንጠልጥሎ ይገኛል። የገደለችው እርስዋ ናት። ተጫዋቹንም ገድላ፣ ለእኔ ሲል የሞተ ሰማዕት ነው ብላ ለሕዝቡ ልታውጅና ብቻዋን ልትመለክ አስባለች።

እንደ ትያትር ክፍል ይህ ያስደነግጣል፤ ሶታ ሲል በተንጠለጠለበት ክፍል ውስጥ ያለው ዝምታም በቀላሉ አይረሳም። እንደ ሥነ ጽሑፍ ግን የቀለለ መፍትሔ ነው። ስለ ቪቬክ ስንጠየቅ ገዳይም ሰማዕትም ነው ብለን እንቸገራለን፤ ስለ አልማሌክሲያ ስንጠየቅ አብዳለች ብለን እናልፋለን። እብደት ከተጠያቂነትም ከሐዘኔታም ያድናል። ከዚህ የሚከፋው ደግሞ ደራስያኑ ሊጠቀሙበት የሚችሉትን ትልቅ ነገር በእጃቸው ይዘው መተዋቸው ነው። ጨዋታው ከሚጀምርበት ጊዜ 10 ዓመት ቀደም ብሎ እርስዋና ሶታ ሲል ከሦስቱ መሣሪያዎች ሁለቱን ለጠላታቸው ለዳጎት ኡር አስወስደዋል። ተጫዋቹም የመጀመሪያውን ታሪክ ፈጽሞ ከመጣ ልቡን ከነኀይሉ ያጠፋው እርሱ ራሱ ነው። በእናትነትዋ የምትፈውስበትን ኀይል የነጠቃት ሰው በፊትዋ ቆሟል ማለት ነው። ያ ሰው ደግሞ፣ ትንቢቱ እንደሚለው፣ የገደለችው ባልዋ ዳግመኛ ተወልዶ የመጣበት ነው። ሚስት ባልዋን፣ ነፍሰ ገዳይ ሟችዋን፣ አምላክ የአምላክነትዋን አጥፊ በአንድ ሰው ውስጥ ታገኛለች። እንዲህ ያለው ግንኙነት አምስት ገቢር የሚሞላ ትራጄዲ ይወጣዋል፤ እዚህ በጥቂት ቃላት ታልፎ ወደ ሰይፍ ተሄደ። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው፣ ታሪኩም ብዙ መቶ ዓመታት ወደ ኋላ የሚመለሰው ጨዋታ በሙሉ ኀይልዋ ሳለች ያሳያታል፤ ይህ የጐደለውን በከፊል ይሞላል እንጂ ያችን ሰዓት አይመልሳትም።

እርስዋ ከሞተች በኋላ አዙራ ትገለጣለች። ለአልማሌክሲያም ለሶታ ሲልም አታልቅስ ትላለች። አንዳንድ ተመልካቾች ይህን የእውነተኛዋ አምላክ የመጨረሻ ፍርድ አድርገው ይቀበሉታል። እኔ ግን እንዲህ አላነበውም። አዙራ በጥቂት ሰዎች ክህደት አንድን ሕዝብ በሙሉ የቀጣች ናት፤ ለበቀልዋም በየዘመኑ ሰው እየመረጠች ልካለች። ተጫዋቹ ቀለበቱን በሚቀበልበት ዋሻ ውስጥ ከእርሱ በፊት ተልከው ያልተሳካላቸውን ሰዎች መናፍስት ያነጋግራል። ፍትሓቸውን የሚጠይቅላቸው የለም።

ደራስያኑ ይህን ሳያስተውሉት ቀርተዋል ለማለት ግን አልደፍርም። በጨዋታው ውስጥ ስለ አዙራና ስለ አንድ ሣጥን የሚናገር ትንሽ የተረት መጽሐፍ አለ። አንድ ሽማግሌ ፈላስፋ የአማልክትን ዕውቀት ሊፈትን ብሎ አዙራን ይጠራና በተዘጋው ሣጥን ውስጥ ምን እንዳለ ይጠይቃታል። ቀይ አበባ ነው ትላለች። ሣጥኑ ሲከፈት ባዶ ነው፤ እርስዋም ተቈጥታ ትሄዳለች። ኋላ ግን ደቀ መዝሙሩ ቀይዋ አበባ ከሽማግሌው እጅጌ ስትወድቅ ያያል። መጽሐፉ ከሰይፍና ከወርቅ መካከል የሚገኝ ተራ ዕቃ ስለ ሆነ ብዙ ተጫዋች ሳይገልጠው ያልፋል።