የጨረራ ልክና የመናፍስት ወሬ፤ ስለ አንድ የምርምር መንገድ የቀረበ ሒስ

መንፈስ ያድርበታል ወደተባለ ስፍራ የጨረራ መለኪያ ይዞ መሄድ፣ ከፍ ያለ ቍጥር በታየም ጊዜ የወሬው ምክንያት ተገኘ ማለት፣ በውጭ አገር በመንፈስ ፈላጊዎች ዘንድ የተለመደ ሥራ ነው። ይህ አሳብ ወደ ጣና ዳርቻ፣ ለምሳሌ ወደ ደልጊ፣ ቢመጣ ምን ያህል ያስኬዳል? ጥያቄው የጨዋታ አይደለም፤ የሕዝብ ቃል እንዴት እንደሚደመጥ፣ ሕመምተኛም ወዴት እንደሚላክ የሚነካ ነው።

በቅድሚያ የመንገዱ መልካም ጎን ይነገር። ወሬን በንቀት ከመሻር ይልቅ ሊፈተን የሚችል ቃል ያቀርባል። ሪቻርድ ዋይዝማንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተሙት ጥናት፣ በሃምፕተን ኮርት ቤተ መንግሥትና በኤዲንብራ ምድር ቤቶች የሚነገረው እንግዳ ስሜት ከብርሃን መጠንና ከማግኔት ኀይል መለዋወጥ ጋር እንደሚዛመድ አመልክተዋል። ይሁን እንጂ ክሪስቶፈር ፍሬንችና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጡት ሙከራ፣ ኤሌክትሮማግኔታዊ ኀይልና ጆሮ የማይሰማው ድምፅ ወደሚለቀቅበት ክፍል ከገቡት 79 ሰዎች ብዙዎቹ እንግዳ ስሜት እንደ ተሰማቸው ቢናገሩም፣ ስሜቱ ከተለቀቀው ኀይል ጋር ግንኙነት አልተገኘለትም። አንዳች ነገር ሊሰማችሁ ይችላል ተብሎ መነገሩ ብቻ ሊበቃ ይችላል ማለት ነው።

በጨረራ ረገድ ደግሞ ክርክሩ ከዚህም የደከመ ነው። ሰው ከተፈጥሮ የሚቀበለው ጨረራ በዓለም አማካይ በዓመት 2.4 ሚሊሲቨርት ያህል ነው፤ ማቅለሽለሽን የመሰለ ፈጣን ሕመም የሚጀምረው ግን በአጭር ጊዜ ወደ 1,000 ሚሊሲቨርት ሲደርስ ነው። በመካከሉ ያለውን የአራት መቶ እጥፍ ያህል ርቀት ሥጋችን አያውቀውም፤ መሣሪያውም የተፈለገው ስለዚሁ ነው። የጣና ዙሪያ ድንጋይ በአብዛኛው ባዛልት ሲሆን፣ ባዛልት ከግራናይት ያነሰ ዩራኒየምና ቶሪየም ይይዛል። ከአፈር የሚወጣው ሬዶን የተባለው ጋዝም በገላጣ ስፍራ ወደ ንጋት ይበዛል፣ ከቀትር በኋላ ይቀንሳል። አባቶቻችን ግን የቀትርን ጋኔን ይፈራሉ። ሬዶን ምክንያት ቢሆን ኖሮ የሚፈራው ሰዓት ጎሕ ሲቀድ በሆነ ነበር።

ከሁሉ የከፋው ስሕተት ግን በመለኪያው ሳይሆን በሚለካው ነገር ላይ ነው። ሚሼል ሌሪስ እ.ኤ.አ. በ1932 ጎንደር ላይ ያየውንና በ1958 በመጽሐፍ ያወጣውን፣ ሳይመን መሲንግም በዚያው ዓመት ያሳተመውን የተመለከተ ሰው፣ ዛር ክፍልን ሳይሆን ሰውን እንደሚይዝ ይረዳል። ዛር ስም አለው፣ ማዕረግ አለው፣ ግብር ይጠይቃል፤ ከያዘው ሰው ጋርም ከአገር አገር ይሄዳል። በአንድ ስፍራ የተተከለ መለኪያ ስለዚህ ምን ሊመሰክር ይችላል?

ዘመኑ ሌላም ትምህርት ይሰጣል። በዚያው በ1958 በኢትዮጵያ ደጋማ አገሮች የወባ ወረርሽኝ ተነሥቶ ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው እንደታመመና 150,000 ያህል እንደሞተ ተገምቷል። ወረርሽኙ የደረሰበት ከፍታ ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ነበር፤ የጣናም ውኃ በ1,800 ሜትር ገደማ ይገኛል። በውኃ ዳር አታምሹ የሚል ምክር በዚህ አገር ከንቱ አይደለም። ቢሆንም ፍርሃቱን ሁሉ ወባ ነው ብሎ መደምደም ያንኑ ስሕተት መድገም ነው፤ ሕዝቡ ንዳድን በስሙ ለይቶ ያውቃልና።

የሆነ ሆኖ በደልጊ ዳርቻ ለመሞከር የሚሻ ቢኖር፣ የሚፈሩትንና የማይፈሩትን ስፍራዎች በከፍታና በአፈር አመሳስሎ ይምረጥ፤ የሚለካው ሰው የትኛው የትኛው እንደ ሆነ አይወቅ፤ ቃል የሚቀበለውም ቍጥሩን አይይ፤ ልኬቱ በንጋት፣ በቀትርና በሌሊት ይደገም፤ ምን ቢገኝ አሳቡ እንደሚወድቅ አስቀድሞ ይጻፍ። ከዚያም ቃሉን የሰጠ ሰው ትኩሳት ካለበት ወደ ሐኪም ይላክ። ይህ ሳይፈጸም የሚቀርብ ቍጥር የሕዝቡን ንግግር አይተረጕምም፤ ንግግሩን ሳይሰማ ያልፈዋል።