የጋራ ሜዳ፣ የግል ታኬታ

ስለ ሕገ መንግሥት፣ ስለ ድንበርና ስለ ምርጫ በሚጻፍበት ቦታ ስለ ሳር ልጽፍ በመነሣቴ አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። «ሰውየው አገር እየታመሰች ስለ ኳስ ሜዳ ያወራል እንዴ?» የሚል ወገን እንደሚኖር አውቃለሁ። ይሁን እንጂ የጋራ ነገር የመያዝ ችሎታችን የሚፈተነው በስብሰባ አዳራሽ ብቻ አይደለም። እኔ በበኩሌ ፈተናውን የወደቅሁት በአንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ጭቃ ላይ ቆሜ ነው።

የምኖረው በዋሽንግተን ዙሪያ ካሉት መንደሮች በአንዱ ነው። ከቤቴ የአሥር ደቂቃ መንገድ ላይ አንድ የሕዝብ መዝናኛ ስፍራ አለ፤ የእግር ኳስ ሜዳ፣ ሁለት የቅርጫት ኳስ መጫወቻ፣ የሕፃናት ዥዋዥዌና የመኪና ማቆሚያ ያለው። ቅዳሜ ጠዋት የእኛው ልጆች ይለማመዱበት ነበር። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ደግሞ ከኳሱ ሆዳችን ቀድሞ የሚደርሰው አባቶች እንጫወትበት ነበር። ሁለታችንም የምንገባው በአንድ ማኅበር ስም በወጣ አንድ ፈቃድ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በሚያዝያ ወር፣ ሁለት ቀን ሙሉ ዘነበ። እሑድ ስንደርስ በሩ ላይ «ሜዳው ዝግ ነው» የሚል ማስታወቂያ ተሰቅሏል። ሃያ ሁለት ሰው ታኬታውን አድርጎ ቆሟል፤ ከፊሉ አንድ ሰዓት ሙሉ ነድቶ ነው የመጣው። ሊቀ መንበራችን ወደ እኔ ዞር ብሎ «ኢንጂነር፣ አንተ ምን ትላለህ?» አለኝ። ማስተርሴን የሠራሁት በውኃ ምሕንድስና ነው፤ እንጀራዬም የዝናብ ውኃ ማፍሰሻ መንደፍ ነው። መልሱን ጠንቅቄ አውቀው ነበር። ነገር ግን ይሉኝታ ያዘኝና «እንግዲህ እናንተ ካላችሁ…» አልኩ። ተጫወትን። ሦስት ለሁለት አሸነፍን መሰለኝ።

በማግስቱ የሜዳው ኃላፊዎች መጥተው ያበላሸነውን ፎቶግራፍ አነሡ፤ ፈቃዳችንም እስከ ወቅቱ ፍጻሜ ተሰረዘ። የተሰረዘው የእኛ እሑድ ብቻ አልነበረም። ፈቃዱ አንድ ስለነበር የልጆቹም ቅዳሜ አብሮ ሄደ። በሳምንት አንድ ቀን እየተገናኙ አማርኛና እንግሊዝኛ እያደባለቁ የሚጯጯሁ ሠላሳ ያህል ልጆች መገናኛቸውን አጡ። አንዳንዶቹ በዚያው ቀሩ።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ያን ዕለት ልናገረው የሚገባኝን አሁን ልናገር። አንድ መደበኛ ሜዳ 105 በ68 ሜትር ነው። 25 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲዘንብበት ከ178 ሺህ ሊትር በላይ ውኃ ይወርድበታል። ስለዚህ ጥሩ ሜዳ ጠፍጣፋ አይደለም። መሃሉ ከፍ ተደርጎ በመቶ አንድ ያህል ተዳፋት ይሰጠዋል፤ ከመሃል እስከ ጠርዝ ባለው 34 ሜትር ውስጥ 34 ሳንቲ ሜትር ይወርዳል ማለት ነው። የቀረው ውኃ በአፈሩ ቅንጣቶች መካከል ባለው ክፍተት ይሰርጋል። የሳሩ ሥር የሚተነፍሰውም በዚያው ክፍተት ነው። የረጠበ ሸክላማ አፈር ላይ ሰማንያ ኪሎ የሚመዝን ሰው በታኬታ ሲሮጥ ክፍተቱ ይደፈናል። በአንድ ቀን ይደርቅ የነበረው ሜዳ ከዚያ በኋላ ሦስት ቀን ይፈልጋል። ሜዳው ብዙ ቀን ሲዘጋ፣ ክፍት በሆነባቸው ጥቂት ቀናት ሰው ይበዛበታል፤ ሲበዛበት የበለጠ ይጎዳል። ጎሉ ፊት የቆፈርነው ጉድጓድ ደግሞ ተዳፋቱን አጥፍቶ ውኃ ያቁራል። የሃያ ሁለት ሰው የአንድ ከሰዓት ደስታ ለሌሎች የወራት ዕዳ የሚሆነው በዚህ መንገድ ነው።

«ታዲያ ሰው ሠራሽ ሳር ቢነጠፍስ?» ይባላል። ዋጋው በሚሊዮን ዶላር የሚገመት ነው፤ ከ8 እስከ 10 ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ምንጣፉ ይቀየራል፤ በበጋ ፀሐይ ከተፈጥሮ ሳር እጅግ የበለጠ ይግላል። ከሁሉ በላይ ግን የጭቃውን ጥያቄ ቢመልስም «እሑድ ዘጠኝ ሰዓት የማን ነው?» የሚለውን አይመልስም።

ይህን ጥያቄ ሊቃውንት ተከራክረውበታል። ጋሬት ሃርዲን እ.ኤ.አ. በ1968 በሳይንስ መጽሔት ባወጣው ዝነኛ ጽሑፍ (ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሁሉም እንደልቡ የሚገባበት የጋራ ግጦሽ መጨረሻው ጥፋት ነው አለ፤ መፍትሔውም ወይ የግል ማድረግ ወይ በመንግሥት ማስገደድ ነው። ብዙዎቻችን ይህን እንደ ወንጌል ተቀብለነዋል። ሃርዲን ራሱ ግን በ1994 ጥፋቱ «አስተዳዳሪ የሌለው» የጋራ ንብረት ጥፋት መሆኑን ለይቶ ጽፏል። በ2009 በምጣኔ ሀብት የኖቤል ሽልማት ያገኘችው ኤሊኖር ኦስትሮም ደግሞ በ1990 ባሳተመችው መጽሐፍ ተጠቃሚዎች ራሳቸው ለብዙ መቶ ዓመታት ያቆዩአቸውን የጋራ ሀብቶች አሳየች። ቶርበል በምትባል የስዊዘርላንድ መንደር ማንም ሰው በበረዶው ወራት ሊቀልባቸው ከሚችላቸው ላሞች በላይ ወደ ጋራው ተራራ እንዳይልክ የተደነገገው በ1517 ነው።

እኛስ ለዚህ ስዊዘርላንድ ድረስ መሄድ ያስፈልገናል? በመንዝ ጓሳ፣ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነ ደጋ ላይ፣ ቄሮ የሚባል ሥርዓት ነበር (ከቅርብ ዓመታት የፖለቲካ ቃል ጋር አይምታታብን)። ነዋሪው በመረጠው አለቃ ሥር ሳሩ ለዓመታት ይከለከላል፤ ሲደርስ በበጋው ቀን ተቆርጦለት ይከፈታል፤ ያን ጊዜ ለቤት ክዳን፣ ለገመድና ለከብት ይወሰዳል። የ1975ቱ የመሬት አዋጅ ሥርዓቱን አናጋው፤ ነዋሪው በኋላ በአዲስ መልክ ጥበቃውን ቀጥሎበታል። እንከን አልነበረበትም አልልም። መብቱ ከርስት ጋር የተያያዘ ስለነበር የዘር ሐረግ ያልነበረው ሰው በውጭ ይቀር ነበር። ሆኖም «ዛሬ አይገባም» የሚል ሰው ነበረው፤ ያ ሰው ደግሞ ከውጭ የተላከ አልነበረም።

ወደ ሜዳችን ስመለስ፣ የአሜሪካንም አሠራር ሳልተች አላልፍም። በብዙ መንደሮች ሰዓት የሚደለደለው ባለፈው ዓመት ለነበረው ቅድሚያ በመስጠት ነው። እኔ ይህን የፈረንጅ ርስት እለዋለሁ። አዲስ የመጣ ስደተኛ፣ የሚሊዮን ዶላር ኢንሹራንስ የሚገዛለት ማኅበር የሌለው ወጣት፣ ቅጹን በእንግሊዝኛ መሙላት የማይችል አባት፣ ሁሉም ከወረፋው መጨረሻ ይቆማሉ። በ2014 በሳን ፍራንሲስኮ ሚሽን ሰፈር የሆነውን የምታስታውሱ አትጠፉም። ለአንድ ሰዓት 27 ዶላር የከፈሉ የቴክኖሎጂ ሠራተኞች ወረቀታቸውን ይዘው፣ ለረጅም ጊዜ በተራ ሲጫወቱበት የኖሩትን የሰፈር ልጆች «ልቀቁ» አሏቸው። ልጆቹ ያልተጻፈ ሕግ ነበራቸው፤ ሰባት ለሰባት፣ ያሸነፈ ይቆያል። ቪዲዮው ከተሠራጨ በኋላ ከተማው በዚያ ሜዳ ላይ ለአዋቂዎች በገንዘብ ማስያዝን አቆመ። ወረቀት ያለው ሁሉ ባለመብት፣ ወረቀት የሌለው ሁሉ ሥርዓተ ቢስ እንዳልሆነ ያ ቀን አሳይቷል።

ቢሆንም በዚህ ተገን ራሳችንን ነፃ ማውጣት አልሻም። እኛ ፈቃድም ነበረን፣ ማስታወቂያውንም አንብበናል። የጎደለን በመካከላችን እምቢ የሚል ሰው ነው። ሊቀ መንበር፣ ገንዘብ ያዥ፣ ጸሐፊ፣ የሕዝብ ግንኙነት ነበረን፤ ሜዳውን ረግጦ አይቶ የሚወስን ግን አልሾምንም። ይሉኝታ በለቅሶና በሠርግ ቤት ያኖረናል፤ የጋራ ንብረት ላይ ሲደርስ ግን የሚያውቀውን ሰው አፉን ያስይዘዋል። ያን ዕለት አንድ ቃል ብናገር ምናልባት አሥራ አምስቱ ይቀየሙኝ ነበር። በሚቀጥለው ሳምንት ግን ልጆቹ ይጫወቱ ነበር።

ከዚያ በኋላ አራት ነገር ወሰንን። የልጆቹ ፈቃድ ከአባቶቹ ተለይቶ እንዲወጣ፤ ዝናብ ከዘነበ ሁለት ተረኞች ማለዳ ሜዳውን አይተው እንዲወስኑና ውሳኔያቸው በዚያ ቀን ይግባኝ እንዳይኖረው፤ ላጠፋ ሰው ቅጣቱ ከማስጠንቀቂያ ጀምሮ ደረጃ በደረጃ እንዲሆን፤ በየወቅቱ መጨረሻም ሁላችንም ወጥተን ጎሉ ፊት አፈር ሞልተን ሳር እንድንዘራ። ይህንኑ በጽሑፍ ለጽሕፈት ቤቱ አቀረብን። የልጆቹ ቅዳሜ በዓመቱ ተመለሰ። የእኛ እሑድ ግን አልተመለሰም፤ ሌላ ቡድን ገብቶበት ባለፈው ዓመት የነበረው እሱ ሆነ። አሁን የምንጫወተው የግማሽ ሰዓት መንገድ ርቀን፣ እሑድ ሊመሽ ሲል ነው።

ባለፈው መጸው ተረኛው እኔ ነበርኩ። ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ ነበርና ማለዳ ሄጄ በተረከዜ ረገጥኩት፤ ውኃ ቋጠረ። «ዛሬ የለም» ብዬ ላክሁ። አንዱ ወዳጄ «አንተ ደግሞ ከፈረንጅ ባስህ» ሲል መለሰልኝ፤ ለሁለት ሳምንትም አኮረፈኝ። አሁን ታርቀናል።

በየምትኖሩበት ከተማ ሜዳ፣ አዳራሽ ወይም የማኅበር ቤት በጋራ የያዛችሁ ወገኖች፣ ለሚቀጥለው ጉባኤያችሁ አንድ አጀንዳ ልጠቁም፤ ከእናንተ መካከል «ዛሬ አይቻልም» ብሎ የሚደመጥ ሰው ማን ነው? ካልተመረጠ ሳይዘንብ ምረጡት።

ቸር እንሰንብት።